ቀረጻው አለ፣ ፊልሙ የለም

የምክር ዓምድ

«ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማሪ ነኝ። በቪዲዮ ፕሮዳክሽን ትምህርት ለአምስት ሆነን የ8 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም እንድንሠራ ታዘን ሽሮ ሜዳ ባሉ አንድ ሸማኔ አባት ላይ እየሠራን ነው። ሦስት ቀን ሄደን አራት ሰዓት ተኩል ያህል ቀርጸናል። ጥለቱን፣ የክሩን ዋጋ፣ ገበያውን፣ ሁሉንም ቀርጸናል። ግን የሚያያዝ ነገር የለውም። ግማሹ በካሜራ ነው፣ ግማሹ በሦስት ስልክ። ድምፁ ጥሩ አይደለም፤ የሽመና ዕቃው ይንቋቋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ዝናብ ነበር። ካሜራው የአንዱ ልጅ ስለሆነ ቀረጻው ሁሉ እሱ ላፕቶፕ ላይ ነው። ‹ኤዲቱን ለእኔ ተዉልኝ› ይላል፤ እስካሁን ያሳየን ነገር ግን የለም። አንዷ ልጅ ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ አልታየችም። አሁን ደግሞ አባባ ስልክ አያነሱም። የምናስረክበው ሰኔ 15 ነው፤ የቀረን ሦስት ሳምንት ነው። ሁለቱ ልጆች ርዕስ ቀይረን ስለ ካፌ ወይም ስለ ግቢያችን እንሥራ እያሉ ነው። አባባ በጣም ደግ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሽመናውን ትቶ ሞባይል ጥገና ቢገባም ማታ ማታ እየመጣ ማግ ያጠነጥንላቸዋል። እሳቸውን ጥሎ መሄድ ከብዶኛል። ምን ይመክሩኛል? — ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ»

ግራ የገባሽ እህቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ርዕስ አትቀይሩ። ይህን ሳላመነታ ነው የምልሽ። ካፌው ቀላል የመሰላቸው ገና ስላልነኩት ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ እዚያም ድምፅ ይበላሻል፣ እዚያም አንዱ ልጅ ይቀራል፣ የካፌው ባለቤትም ስልክ አያነሳም። ችግራችሁ ከርዕሱ አልመጣም። ካሜራው ከሐሳቡ ቀድሞ ከቤት ወጣ፤ የሆነው ይኸው ነው። ለዓመታት ኤዲት ሳደርግም ተማሪዎችን ሳግዝም ያየሁት ይህንኑ ነው። አራት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ቀረጻ ተሸክመው ይመጣሉ። «ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?» እላቸዋለሁ። «ስለ ሸማኔ» ይሉኛል። ስለ ሸማኔ ስንት ፊልም ይሠራል! የእናንተ የትኛው ነው?

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ፣ ስለ አባባ ደግነት ስታወሪ፣ አንድ ነገር ጣል አድርገሽ አለፍሽ። ልጃቸው ሽመናውን ትቶ ሞባይል ጥገና ገብቷል፤ ማታ ማታ ግን እየመጣ ማግ ያጠነጥንላቸዋል አልሽ። እኔ እዚያ ላይ ቆምኩ። ሥራውን ትቷል፣ አባቱን ግን አልተወም። ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲፈታ የዋለ እጅ ማታ ክር ይይዛል። አባትየው ምን ይሰማቸዋል? ደስ ይላቸዋል ወይስ ቅር ይላቸዋል? ልጁ ሲያጠነጥን ዝም ብለው ያዩታል ወይስ «እንዲህ አይደለም» እያሉ ያርሙታል? ስምንት ደቂቃ ሙሉ ሰው የሚያስቀምጥ ነገር ይህ ነው። ፊልማችሁ እሱ ነው እህቴ፤ በእጃችሁ ይዛችሁት ነው የምትፈልጉት።

ስለዚህ ደብተርሽ ላይ ይህን ጻፊ። «ልጃቸው የተወውን ሥራ ብቻቸውን የያዙ አባት፣ ማታ ማታ ክር ሊያጠነጥንላቸው ከሚመጣው ልጃቸው ጋር።» በሌላ ቃል ልትጽፊው ትችያለሽ። ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይለፍ። ከዛሬ ጀምሮ «ይህ ሾት ይግባ ወይስ ይቅር?» ብላችሁ በተጨቃጨቃችሁ ቁጥር የሚዳኛችሁ እሱ ነው። ስለ ክር ዋጋ የተናገሩት ልጁ ለምን ሥራውን እንደተወ የሚያስረዳ ከሆነ ይገባል። የገበያው ቀረጻ የሚያምር ብቻ ከሆነ ይቀራል። የሚያምር ሾት መጣል እንደሚያም አውቃለሁ። ግን ጣሉት።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ አለ። ሁሉም ነገር አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው ያልሽውን ሳነብ ልቤ ድንግጥ ነው ያለው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአንዲት እናት የአንድ ሰዓት ቃለ ምልልስ ቀርጬ ነበር። ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ፋይሎቹን በስም አየኋቸውና ሁሉም የገቡ መሰለኝ። ካርዱን አጥፍቼ ለሌላ ሥራ ይዤው ወጣሁ። ለካ ትልቁ ፋይል ግማሽ ላይ ቀርቷል። ተመልሼ ሄጄ ለመንኳቸው፤ እሺ ብለው ደግመው አወሩልኝ። ግን መጀመሪያ ቀን በስሜት ድምፃቸው የተቆረጠበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁለተኛው ቀን እንደ ተራ ነገር አለፉት። ያን ጊዜ የነበረው ነገር አልተመለሰም። ሰው አንድን ነገር ከልቡ የሚናገርልሽ ብዙውን ጊዜ አንዴ ነው።

ሒሳቡ የሚያስፈራ አይደለም። በስልክ በ1080 ጥራት የተቀረጸ ቪዲዮ በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ካሜራው በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ በደቂቃ 375 ሜጋባይት ነው (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው)። አራት ሰዓት ተኩላችሁ በዚህ ስሌት ወደ 70 ጊጋባይት ይሆናል። የ128 ጊጋባይት ፍላሽ ወይም ከሰው የተለመነ ሃርድ ዲስክ ይበቃል። ፍላሹን ፎርማት ስታደርጉ ኤክስፋት የሚለውን ምረጡ። ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅሙ ቃለ ምልልስ የሚቀረው በዚህ ነው። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱን ፋይል ክፈቱ፤ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም እዩ። በስልክ የቀረጹት ልጆች «ስልኬ ሞላ» ብለው እንዳያጠፉት ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ደግሞ አንድ ነገር አጣሩ። የስልኩ ቀረጻ ለኤዲተሩ የተላከው በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ከሆነ ተጨምቆ ነው የደረሰው። ዋናው ያለው አሁንም ስልኩ ውስጥ ነው። ወይ በኬብል ገልብጡት ወይ እንደ ፋይል ላኩት።

ከዚያ በኋላ የፎልደር ስም አትለውጡ። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ቪዲዮውን ራሱን ውስጡ አያስቀምጥም፤ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ፕሮጀክቱን ለብቻው በፍላሽ ይዛችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት «ፋይሉ የለም» የሚለው ለዚህ ነው። ስንት ተማሪ በማስረከቢያው ቀን እዚህ ላይ እንዳለቀሰ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ባለ ካሜራው ልጅ። ገፍተሽ አትናገሪው። ምናልባት ያላሳያችሁ ገና ስላልጀመረ ይሆናል። አራት ሰዓት ተኩል ቀረጻ ፊት ብቻውን ተቀምጦ ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ይሆናል፤ «አልቻልኩም» ማለት ደግሞ አሳፍሮታል። ካሜራዬን አምጥቼ ደግሞ ልወቀስ ነው ብሎም ሊያስብ ይችላል። ለብቻው ጠርተሽ እንዲህ በይው። «ኤዲቱ ያንተ ነው፣ ማንም አይነጥቅህም። እኛ ግን ቀረጻውን ተካፍለን አይተን የቱ ቦታ የት እንደሚገባ በወረቀት ጽፈን እንሰጥሃለን። ሸክሙን እናቅልልህ። ዛሬ ማታ ፍላሽ ይዤ ልምጣ?» ቅሬታሽን ለሌላ ቀን አቆዪው። ዛሬ የምትፈልጊው ኮፒውን ነው። እሱ ደግሞ ወረቀቱን ሲያገኝ እፎይ እንደሚል ቃል እገባልሻለሁ።

የጠፋችውን ልጅ በግሩፑ ቻት ላይ ስሟን እየጠራችሁ አታሳፍሯት። አንዳችሁ ደውሉላት፤ መጀመሪያ «ደህና ነሽ ወይ?» በሏት። ታማ ይሆናል፣ ቤት ውስጥ ችግር ገጥሟት ይሆናል። ከቤቷ ሆና የምትሠራው አንድ ነገር ስጧት፤ የቀረጻውን አንድ አምስተኛ አይታ ትጻፍ። እስከ ቅዳሜ ምንም መልስ ካልሰጠች ለመምህራችሁ ንገሩ። ማን ምን እንደሠራ በየቀኑ በሁለት መስመር የምትጽፉበት አንድ ገጽ ካላችሁ መናገሩ ክስ አይመስልም።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው እሱን ነው። አራት ሰዓት ተኩል 270 ደቂቃ ነው። ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 54 ደቂቃ ይደርሳል፤ ለአራት ከሆናችሁ ከ68 ደቂቃ አያልፍም። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። እያንዳንዳችሁ የፋይሉን ስም፣ ደቂቃና ሰከንዱን፣ ምን እንደሚታይና ምን እንደተባለ ጻፉ። አባባ የተናገሩትን እንደተናገሩት ጻፉት፤ አታሳጥሩት። ስታዩ ደስ ያላችሁ ወይም ዝም ያሰኛችሁ ቦታ ላይ ኮከብ አድርጉ። ከዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብሰቡ። ኮከብ ያገኘውን ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ መሬት ላይ ደርድሩት። አንሱ፣ አቀያይሩ፣ ጣሉ። ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰዓት የሚፈጀው መሬት ላይ ሁለት ደቂቃ ነው። ለስምንት ደቂቃ ፊልም ከአራት ወይም ከአምስት ደቂቃ በላይ ንግግር አታስገቡ። የቀረው የእጅ፣ የፊትና የዝምታ ነው።

አባባ መጀመሪያ ድሩን ይዘረጋሉ አይደል? መወርወሪያውን የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቱ ድራችሁ ነው። የጎደለው ሁሉ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ልጁ አንድም ቀረጻ ውስጥ የለም ብዬ እገምታለሁ። እናንተ የሄዳችሁት ቀን ነው፤ እሱ የሚመጣው ማታ። እንግዲህ የቀራችሁ ቀረጻ ለልጁ አንድ ማታና ድምፁን ለመድገም አንድ ጠዋት ብቻ ነው ማለት ነው።

አባባ ስልክ ያላነሱት ተቀይመው ላይሆን ይችላል። እጃቸው መወርወሪያ ላይ፣ እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር አስቡ። ሸማኔ የሚያገኘው በሸመነው ልክ ነው። ሦስት ቀን እናንተን ሲያስተናግዱ ስንት ክንድ ቀረባቸው? ሁለታችሁ ብቻ፣ ካሜራ ሳትይዙ፣ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ። «አባባ፣ ሥራ አስፈትተንዎታል፣ ይቅርታ» በሏቸው። ከዚያ የምትፈልጉትን በግልጽ ተናገሩ። አንድ ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ አንድ ሰዓት፣ አንድ ማታ ደግሞ ሁለት ሰዓት። ከዚያ በላይ አትጠይቁ፤ ብትጨርሱም ባትጨርሱም በሰዓቱ ውጡ። ፊልሙ የት እንደሚታይም ንገሯቸው። ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ኢንተርኔት ላይም ይወጣል? ይህን ማወቅ መብታቸው ነው።

ልጁን ለብቻው ጠይቁት። አባቱ እሺ ስላሉ እሱም እሺ ብሏል ማለት አይደለም። «ፊቴን አትቅረጹኝ» ካለ እጁን ብቻ ቅረጹ። እጁ ይበቃል። እንዲያውም ያንን ፊልም ማየት እፈልጋለሁ።

የማታው ቀረጻ የሚያሳስባችሁ ብርሃኑ ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ አምፖል ነው የሚኖረው፤ ካሜራችሁ ጨለማውን ለማሸነፍ ሲታገል ምስሉ ይሻክራል። ከፍ ያለ ኃይል ያለው የኤልኢዲ አምፖል ገዝታችሁ ሂዱ። በፈቃዳቸው የነበረውን አውጥታችሁ እሱን ስቀሉ፣ ስትሄዱም ተዉላቸው። መብራቱ ምስሉ ላይ ጥቁር ሞገድ እየሠራ እንዳያስቸግራችሁ ደግሞ ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም (25 ምስል)፣ ሸተሩን ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ 1/50 ሰከንድ አድርጉት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው። ስልኮች ብዙ ጊዜ 30 ላይ ነው የሚመጡት፤ ሴቲንጋቸው ውስጥ 25 ካለ እሱን ምረጡ።

እዚህ ላይ ለኤዲተራችሁ የምነግረው አለኝ። ስልክ ሲቀርጽ የፍሬሙ ፍጥነት ከፍና ዝቅ ይላል። ቀረጻው እየረዘመ ሲሄድ ድምፁና ከንፈሩ የሚለያዩት በዚህ ምክንያት ነው። ኤዲት ከመጀመሩ በፊት የስልኩን ቀረጻ በሙሉ ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ይቀይረው። አንድ ሌሊት ቢፈጅ ነው። ቀረጻው የሚደረደርበት ታይምላይንም 25 ይሁን።

ማታ ስትቀርጹ በየቦታው አትሩጡ። አንድ ሰፊ ሾት፣ ሁለቱንም የያዘ። ከዚያ ቀረብ በሉ። ክሩ ቀሰሙ ላይ ሲጠመጠም፣ የልጁ ጣት፤ ስልክ ሲፈታ የያዘው ጥቁር ነገር ጥፍሩ ሥር ካለ እሱም ይታይ። ልጁ ሲያወራ የአባትየው ፊት። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እግር መርገጫው ላይ ሲወጣና ሲወርድ። እያንዳንዱን ሾት ካሜራው ሳይነቃነቅ እስከ 10 ቁጠሩ። ዙም አታድርጉ፤ መቅረብ ካስፈለገ በእግራችሁ ቅረቡ። ትራይፖድ ከሌለ በርጩማ ላይ የታጠፈ ጋቢ ካሜራውን ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል። ሁለቱ እርስ በርስ በጋሞኛ የሚያወሩ ከሆነ አታቋርጧቸው፤ «በአማርኛ ይሁንልን» አትበሉ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ በኋላ ቃል በቃል አስተርጉሙ። በግምት የተጻፈ ትርጉም ሰውየውን ያልተናገረውን ያናግረዋል።

የድምፁ ነገር ያን ያህል ተስፋ አያስቆርጥም። የተበላሸውን ቃለ ምልልስ ፊታቸው እየታየ ደግማችሁ መቅረጽ የለባችሁም። ድምፃቸውን ብቻ ቅረጹ፤ ምስሉን በእጃቸው፣ በክሩ፣ በማታው ቀረጻ ትሸፍኑታላችሁ። ጠዋት ሂዱ። ሰኔ ላይ ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከጀመረ የዚያን ቀን ድምፅ እርሱት። የሽመና ዕቃው ይቁም። በሩን ዝጉ፤ በሩ ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ማይክ ከሌላችሁ አንድ ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡት። አንዳችሁ ከቀረጻው መሐል አንድ ሁለቴ አቁማችሁ የተቀረጸውን በኢርፎን ስሙ። ቤት ደርሶ ማወቅ ዋጋ የለውም። ሲጨርሱ ማንም ሳያወራ የክፍሉን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅረጹ፤ ኤዲት ላይ ንግግሩ ተቆርጦ የተገጠመበትን ስፌት የምትደብቁት በእሱ ነው። ከዚያ አባባ ሥራ ሲጀምሩ የዕቃውን ድምፅ ብቻውን ሦስት ደቂቃ ያዙት። ያ መንቋቋት ንግግር ላይ ሲደርብ ነው ያበሳጨሽ። ብቻውን ሲሆን የፊልማችሁ ሙዚቃ ነው። የታዋቂ ዘፋኝ ዘፈን ከመልጠፍ ደግሞ ያድናችኋል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለ፤ ፊልሙን አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ልታወጡት ካሰባችሁ ከወዲሁ የራሳችሁን ድምፅ ተጠቀሙ።

ጥያቄዎቻችሁንም ቀይሩ። «ስለ ሽመና ሥራ ይንገሩን» ከተባሉ ለጋዜጠኛ ሁሉ የሚሉትን ነው የሚሉት። «ልጅዎ ሥራውን እተዋለሁ ያለዎት ቀን የት ቁጭ ብለው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምን መለሱለት?» «ማታ ሲመጣ ከበር ሲገባ ምን ይልዎታል?» መልሳቸውን ሲጨርሱ ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትወርውሩ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ጨርሷል ብለሽ ካሰብሽ በኋላ ነው።

የውጭ ቀረጻ ካስፈለገ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ማኅተም ያለበት ይዛችሁ ውጡ። ሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ አለ። ካሜራችሁን ወደዚያ አታዙሩ፤ ጥበቃዎቹ ቢያስቆሟችሁ ቀናችሁ ያልቃል። ውጭ ሰው የምትቀርጹ ከሆነም ጠዋት 1 እና 2 ሰዓት ላይ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆንና የሰው ዓይን ጥቁር ጉድጓድ መስሎ ይቀራል።

ቀኑን እንዲህ ቁረጡት። የወረቀቱ ሥራ እስከ ሰኔ 1 ይለቅ። ሁለቱ ቀረጻዎች ከሰኔ 2 እስከ 5 ይሁኑ። አንድ ቀን ዝናብ ወይም ለቅሶ ቢያስቀር ቦታ አላችሁ። ሰኔ 8 ላይ ኤዲተሩ አስቀያሚ፣ ያልተቃና፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለቀ ፊልም ያሳያችሁ። «ገና አላማረም» ብሎ ወደ ሰኔ 12 እንዳይገፋው። ሰኔ 9 ስለ ፊልሙ ምንም ለማያውቅ ሰው አሳዩት፤ እናትሽ ብትሆን ጥሩ ነው። አታስረጅላት። ስልኳን ያነሳችበትን ደቂቃ ጻፊ፤ እዚያ ቦታ ላይ ፊልሙ ላልቷል። ከሰኔ 11 በኋላ ማንም አንድ ሾት አይነካም። የቀረው ድምፅ ማስተካከል፣ የግርጌ ጽሑፍና ስም መጻፍ ነው። ኤክስፖርቱን ሰኔ 13 በቀን አድርጉት። በማስረከቢያው ዋዜማ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ይሄዳል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ይሄዳል። ለስምንት ደቂቃ ፊልም በሰከንድ 15 ሜጋቢት ኤምፒ 4 ብታወጡት 900 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ፍላሽ ላይ ጭናችሁ በምታቀርቡበት ክፍል ኮምፒውተር ላይ አስቀድማችሁ ክፈቱት። የግርጌ ጽሑፉ ፊደል እንጂ ባዶ ሳጥን እንዳይሆን እዩ፤ ድምፁም በሁለቱም ስፒከር ይውጣ።

ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ስድስት ደቂቃ ተኩል ላይ ፊልሙ ካለቀ እንዳትለጥጡት። መምህራችሁን ጠይቁ። እኔ በመምህራችሁ ቦታ ብሆን በደንብ ያለቀውን አጭር ነው የምመርጠው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበትሽ። ካስረከባችሁ በኋላ ሌላ ትንሽ ኮፒ አውጡ። ጥራቱ 720፣ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ቢሆን 180 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አሮጌ ስልክም ይጫወተዋል። ይዛችሁት ወደ ልጁ የጥገና ሱቅ ሂዱ። በአባቱ ስልክ ላይ እሱ ይጫንላቸው።